አበባውን አነሳሁት፣ ቅጠሉን ረሳሁት

መስቀል ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሱሉልታ ወጣ ስንል ሜዳው ቢጫ ለብሶ አገኘነው። ተንበርክኬ፣ ስልኬን ፖርትሬት ላይ አድርጌ፣ አንዲቷን አበባ ብቻ ለይቼ፣ ከኋላዋ ያለውን ሁሉ አደብዝዤ አነሳኋት። ቆንጆ ሆና ወጣች። ማታውኑ «አደይ አበባ፤ መልካም የመስቀል በዓል» ብዬ ለጠፍኳት። ላይኩ ጎረፈ።

ጠዋት አክስቴ ደወለች። ገጠር ተወልዳ ያደገች፣ ፌስቡክ የከፈተችው የዘመድ ፎቶ ለማየት ብቻ የሆነች አክስቴ።

«አንተ ልጅ፣ የለጠፍከው አደይ አይደለም እኮ።»

«ኧረ አደይ ነው አክስቴ፤ ሜዳውን ሞልቶት ነበር።»

«መጭ ነው። መጭም ሜዳ ይሞላል። ለመሆኑ ቅጠሉ የታለ?»

ቅጠሉ የለም። ፎቶዬን ዙም አድርጌ ፈለግኩት፤ ከአበባዋ ውጪ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ጭጋግ ነው። ራሴ ያደበዘዝኩት።

እንዳልሸነፍ ብዬ ፎቶውን ዕፅዋት ለሚለይ አንድ አፕ ሰጠሁት። ሦስት ስም ደረደረልኝ። አንዱ አደይን፣ ሌላው መጭን፣ ሦስተኛው ደግሞ የሰሜን አሜሪካ የጓሮ አበባን የሚመለከት ነው። ለሦስቱም የሰጠው መቶኛ ተቀራራቢ ነው። በሌላ አነጋገር «እኔም አላወቅኩም» እያለኝ ነበር፤ እኔ ግን የምፈልገውን ስም መርጬ «ይኸው!» ለማለት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ነገሩ ስላላስቻለኝ ከበዓሉ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። አደይ፣ መጭ እና የምናውቀው ኑግ ሦስቱም ከሱፍ አበባ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ፊታቸውን ብቻ ካያችሁ እንደ እህትማማቾች ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ ከአንገት በታች ነው። እኔ ያነሳሁት ተክል ቅጠሉ ያልተከፋፈለ፣ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ግንዱን ያቀፈ፣ ሲዳስሱት የሚሻክር ነው። መጭ! ሳይንሳዊ ስሙ ጊዞቲያ ስካብራ ሲሆን፣ «ስካብራ» ማለት ራሱ ሻካራ ማለት ነው። ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ደግሞ ቅጠሉ የተተለተለ ሌላ ቢጫ አበባ ቆሟል። አደይ። በተለምዶ አደይ የምንላቸው ባይደንስ በሚባለው ወገን ያሉ ከአንድ በላይ ዝርያዎች ናቸው፤ በብዛት የሚጠቀሰው ባይደንስ ማክሮፕቴራ ነው። ሱሪያችሁ ላይ እየተጣበቀ የሚያስቸግራችሁ ጨጎጊትም የዚሁ ወገን ዘመድ ነው።

ሁለቱንም ከነቅጠላቸው አንስቼ ለዚያው አፕ ሰጠሁት። አሁን አልተደናገረም። ለካ መጀመሪያም ስልኩ አልዋሸም፤ እኔ ነኝ ግማሽ ጥያቄ የጠየቅኩት።

እነዚህ አፖች እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ ይጠቅማል። ተክሉን «አያውቁትም»። ሰዎች ቀድመው ካስገቧቸው ፎቶዎች ጋር ያስተያያሉ፣ ከዚያ የሚቀርበውን ስም ይገምታሉ። ብዙ ሰው ብዙ ጊዜ ያነሳው የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ አበባ በቀላሉ ይገኛል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ግን 6,000 ገደማ የሚሆኑ ዕፅዋት አሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ስልክ ይዞ የተንበረከከላቸው ሰው ጥቂት ነው። ፎቶው ሲጎድል አፑ ወደሚያውቀው ይጎትታችኋል። የሱሉልታን አበባ አሜሪካ የወሰደብኝም ይኼው ነው።

ባለሙያዎቹ ይህን ችግር ከስልክ በፊት ፈተውታል። አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ፤ ደርቀው ወረቀት ላይ የተለጠፉ ዕፅዋት የሚቀመጡበት ቤት ነው። አንድ ናሙና ሲዘጋጅ አበባ ብቻ አይለጠፍም። ከነግንዱ፣ ከነቅጠሉ፣ ከተገኘም ከነፍሬው ነው። ጎኑ ላይ ደግሞ የት፣ መቼ፣ በምን ከፍታ ላይ እንደተገኘ፣ ያካባቢው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው ባለ ስምንት ቅጽ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ የተሠራው እንዲህ ባሉ ናሙናዎች ነው።

እኛም በስልካችን ይህንኑ ማድረግ እንችላለን። መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ሙሉ ተክሉን፣ ከነቆመበት ቦታ። ቀጥሎ አበባውን ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንና ከጀርባ። ከዚያ ቅጠሉን፣ ላዩንም ሆዱንም። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አትርሱ፤ ጥንድ ነው ወይስ ተራ በተራ? ፍሬ ወይም ዘር ካለም አንሱት፤ «ማክሮፕቴራ» እንኳ ትልቅ ክንፍ ያለው ማለት ነው፣ ስሙ የወጣለት ከዘሩ ነው። መጠኑ እንዲታወቅ ጣታችሁን ወይም ሳንቲም አጠገቡ አድርጉ። ፖርትሬቱን አጥፉት። ለሚያውቅ ሰው በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል።

ፕላንትኔት ላይ ያንድ ተክል የተለያየ ክፍል ፎቶዎችን ባንድ ላይ ማስገባት፣ ይሄ ቅጠል ነው ይሄ አበባ ነው ብሎ መለየት ይቻላል። አይናቹራሊስት ደግሞ የማሽኑን ግምት ካሳያችሁ በኋላ ፎቶውን ሌሎች ሰዎች አይተው እንዲያርሙት ያቀርበዋል። ግቢያችሁ ውስጥ ያነሳችሁት ከሆነ ትክክለኛውን ቦታ መሸፈን ትችላላችሁ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አበባ ፖስት ነው፤ ብሳሳት ብዙ አልጎዳም። የጓደኛዬ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። በክረምት፣ የተከራየበት ግቢ ውስጥ፣ ጎመኑ መሀል ያልዘራው ነገር በቀለበት። አንድ ቅጠል አንስቶ አንድ አፕ ላይ ሲያስገባ፣ መጀመሪያ የወጣለት የሚበላ ቅጠላ ቅጠል ስም ነው። ደስ ብሎት ለእኔ ላከልኝ። እኔም አክስቴ ያስተማረችኝን ጠየቅኩት፤ «ሙሉውን አንሳና ላክልኝ።» ጎንበስ ብሎ ሲያነሳ አከራዩ እትዬ አዩት።

«ምን ልታደርጋት ነው ልጄ?»

«ትበላለች አሉ፣ እትዬ።»

«በስመ አብ! አስተናግር እኮ ናት!»

አስተናግር፣ አንዳንዱ አጤ ፋሪስ የሚለው፣ ሳይንሱ ዳቱራ ስትራሞኒየም የሚለው ተክል ነው። ሲያድግ ነጭ የጡሩምባ ቅርጽ ያለው አበባና እሾሃም ፍሬ ያወጣል። አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዞች አሉት፤ ሰውን ያስቀባዥራል፣ የልብ ምትን ያዛባል፣ ሊገድልም ይችላል። ስሙን ልብ በሉት። አስተናግር። የሚያናግር፣ የሚያስለፈልፍ። ሰዉ ማስጠንቀቂያውን ስሙ ውስጥ አስቀምጦልን ነበር። ጓደኛዬ አፑን ብቻ አምኖ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ወጥ ይሠራበት ነበር።

ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣሁ። ስልክ የነገረኝን ስም ለማወቅ እንጂ ለመብላት፣ ለመጠጣት ወይም ለመታከም አልጠቀምበትም። የመጣልኝን ስም ይዤ ያካባቢውን ሰው እጠይቃለሁ፤ «ይኼን ምን ትሉታላችሁ?» መልሱንም ከፎቶው ሥር እጽፈዋለሁ። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ የነገሩኝ ስም ስልኬ ውስጥ ከየትም አይመጣም፤ ካልጻፍኩት ደግሞ ከእነሱ ጋር ይሄዳል።

የመስቀሉን ፖስት አላጠፋሁትም። ከሥሩ «እርማት፦ መጭ ነው። አክስቴ ትክክል ናት» ብዬ ጻፍኩበት፤ እሱም ጥሩ ላይክ አገኘ። አክስቴ አሁን እሷም ፎቶ ትልክልኛለች። ባለፈው ሳምንት ከወንዝ ዳር ያነሳቻትን ትንሽ ሐምራዊ አበባ ላከችልኝ፤ ቅጠሉ ከነሆዱ፣ ግንዱ፣ አጠገቡ አውራ ጣቷ። ሁሉም ነገር ተሟልቷል።

«ይቺ ማን ናት?» ይላል መልእክቱ።

ስልኬ አላወቃትም። እኔም አላወቅኳትም። አክስቴም አታውቃትም። አይናቹራሊስት ላይ አስገብቻት የሚያውቃት ሰው እየጠበቅን ነው።