የብሪታንያ የባቡር ሠራተኞች አድማ (2022–2024)

የብሪታንያ የባቡር ሠራተኞች አድማ እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2022 የተጀመረ ተከታታይ የሥራ ማቆም እርምጃ ነው። በመጀመሪያው ቀን አርኤምቲ የተባለው ማኅበር ከ40,000 በላይ ሠራተኞችን ለአድማ ጠርቶ ነበር።

መነሻው ደመወዝ ብቻ አልነበረም። ከኮቪድ-19 ወረርሽኝ በኋላ የቲኬት ገቢ በመቀነሱ ኩባንያዎቹ ወጪ ለመቆጠብ ፈለጉ፤ በ2023 አብዛኞቹን የጣቢያ ቲኬት ቢሮዎች ለመዝጋት አቀዱ። አብዛኛው ቲኬት በኢንተርኔትና በማሽን ስለሚሸጥ ሠራተኞች ከመስኮት ወጥተው መንገደኛን ይርዱ አሉ። ማኅበሩና የአካል ጉዳተኞች ድርጅቶች ግን አረጋውያንና ዓይነ ስውራን ያለ ረዳት ይቀራሉ በማለት ተቃወሙ። ሕዝቡ ወደ 750,000 የሚጠጋ አስተያየት ከሰጠ በኋላ መንግሥት በኦክቶበር ወር ዕቅዱ እንዲነሣ ጠየቀ።

የአርኤምቲ ውዝግብ በዚያው ዓመት ሲረግብ፣ የባቡር ነጂዎቹ ማኅበር የአስሌፍ ውዝግብ እስከ ሴፕቴምበር 2024 ቀጥሏል።