ተጨማሪ መረጃ፦ የቬርሜርን ግድግዳ መገልበጥ

የቀደምት ሠዓሊያንን ሥራ አስመስሎ መሣል የዘይት ቀለም አሳሳልን ለመማር የቆየ ዘዴ ሲሆን፣ ሆላንዳዊው ዮሐንስ ቬርሜር በ1660 እ.ኤ.አ. ገደማ የሣለው፣ ዛሬ በአምስተርዳም ራይክስ ሙዚየም የሚገኘውና ወተት የምትቀዳ የቤት ሠራተኛን የሚያሳየው ሥዕል ለዚህ እጅግ ተስማሚ ነው። ተማሪው ብርሃንንና ጥላን ብቻ የሚለይ የመሠረት ንጣፍ በአንድ ደብዛዛ ቀለም ከሠራና ካደረቀ በኋላ፣ በላዩ የሚደርባቸው ቀለሞች ከሥረኛው የበለጠ ዘይት ሊኖራቸው ይገባል፤ አለበለዚያ ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ፈታኙ ደማቁ ሰማያዊ ሽርጥ ሳይሆን ባዶ የሚመስለው ነጭ ግድግዳ ነው፤ ከሚጠበቀው በተቃራኒ በመስኮቱ ሥር ግራጫ ሆኖ ወደ ቀኝ እየነጣ የሚሄድ ሲሆን፣ በላዩ የተመታው ሚስማር እንኳ የራሱ ጥላ አለው።