የቤታችሁ ድንጋይ ከየት መጣ?

ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ድንጋይ ነው።

እናንት የጫጫ ሰዎች፣ የቤታችሁን ግድግዳ ተመልከቱ። ጥቁሩና ከባዱ ድንጋይ ባዛልት ይባላል። ዱሮ ቀልጦ ይፈስ ነበር ብንላችሁ ታምናላችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምድር በታች፣ በጥልቁ፣ ሙቀቱ ዓለት ያቀልጣል። የቀለጠው ዓለት መሬቱን ሰንጥቆ ሲወጣ እሳተ ገሞራ ይባላል። ቀጭን ሊጥ ምጣድ ላይ ሲፈስ ምን ይሆናል? ይሰፋል እንጂ አይቆለልም። ቀጭኑ የቀለጠ ዓለትም እንዲሁ ርቆ ይፈስና ይደርቃል። በላዩ ሌላ ይፈስበታል። እንደ እንጀራ እየተደራረበ ሰፊ ተራራ ይሆናል። ተራራው የተደፋ ጋሻ ስለሚመስል የጋሻ እሳተ ገሞራ ይሉታል። በእኛው በሸዋ የመገዘዝ ተራራ እንዲህ ያለ ነው። የፈሰሰውም ከዛሬ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው።

«ታዲያ መገዘዝ ተመልሶ ይነድብን ይሆን?» ትሉ ይሆናል። እሱስ ከሞተ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል። የመሬቱ መሰንጠቅ ግን አላቆመም።

ከጣርማ በር ወይም ከአንኮበር አፋፍ ቆማችሁ ወደ ቆላው እዩ። ያ ገደል የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው። መሬቱ ግራና ቀኝ ሲሳብ መካከሉ ሰጠመ። ዛሬም በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሳባል። አሁን እሳቱ ያለው በዚያ በቆላው በኩል ነው። በአፋር የሚነደው ኤርታሌ እንደ መገዘዝ የጋሻ እሳተ ገሞራ ነው።

መሬት ሲሳብ ይንቀጠቀጣል። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬና በማጀቴ ብዙ ቤት ፈረሰ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ ብዙ ሺህ ሰዎች ከቀዬአቸው ወጡ።

ልብ በሉ! ብዙውን ጊዜ ሰው የሚገድለው መንቀጥቀጡ ራሱ አይደለም፤ የሚወድቀው ግድግዳ ነው። ስለዚህ ቤት ስትሠሩ ሦስት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ከገደል አፋፍና ናዳ ከሚወርድበት ቦታ ራቁ። ሁለተኛ፣ ትንንሽ ድንጋይ በጭቃ ብቻ አትደርድሩ፤ ከግድግዳው ውስጥ እስከ ውጪ የሚደርስ ረጅም ድንጋይ በየመካከሉ አስገቡ። ሦስተኛ፣ ማዕዘኑንና ዙሪያውን በጠንካራ እንጨት እሰሩ።

ይህን ጽሑፍ ቤት ሊሠራ ላሰበ ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ደኅና ሁኑ።