ለቀዩ ዓለት ግራጫ ቀለም

አንባቢ ሆይ፤ ቀለምና ብሩሽ ይዘህ ላሊበላ ሄደህ እንደ ሆነ፥ ቤተ ጊዮርጊስን ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሆነህ ለመሳል መሞከርህ አይቀርም። ዓለቱ ቀይ፥ ዛፉ አረንጓዴ፥ ሰማዩ ሰማያዊ ነው ብለህ እያንዳንዱን ከቱቦው እንደ ወጣ ትቀባዋለህ። ሥራህን ስትጨርስ ግን ቀለሞቹ እንደ ባላንጣ ተፋጥጠው ታገኛቸዋለህ። ያን ጊዜ ቀለሜ ርካሽ ስለ ሆነ ነው ብለህ፥ ከደመወዝህ ቀንሰህ ሌላ ለመግዛት አትቸኩል። የጎደለህ ግራጫ ነው።

እስቲ መልሰህ ተመልከት። ዓለቱ በእርግጥ ቀይ ነው፤ ነገር ግን ጥላ የወደቀበት ወገን አመድማ ሆኗል፤ እዚህም እዚያም ቢጫ የድንጋይ ሽበት ይዞታል። ከጉድጓዱ ጥላ ውስጥ የቆመው ምእመን ነጠላ ነጭ መስሎህ ነበር፤ ከወረቀትህ ጋር ብታስተያየው ግን ነጭ አይደለም። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራም፥ ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴነቱን ርቀቱ ወስዶበታል። ያገራችን ገበሬ ፈረሱን ግራጫ፥ በሬውን ዳለቻ እያለ ለይቶ ይጠራል፤ ሁሉንም በአንድ ስም የምናልፈው እኛ ቀለም ይዘን የተቀመጥነው ነን!

ጥቁርና ነጭ ብቻ ብትደባልቅ የሚወጣው ግራጫ ለሌሎቹ ቀለሞች ባዕድ ይሆንባቸዋል። ይልቅስ ለዓለቱ ካዘጋጀኸው ቀይ ላይ አረንጓዴ በጥቂት በጥቂቱ ጨምር፤ ቀይነቱም አረንጓዴነቱም ሲጠፋ ነጭ አክልበት። ሰማያዊን ከብርቱካን፥ ቢጫን ከወይን ጠጅ ቀለም ጋር ብታደርግም እንዲሁ ነው። ይህ ግራጫ የሁለቱም ዘመድ ስለ ሆነ፥ በመካከላቸው ሲገባ እንደ ሽማግሌ ያስታርቃቸዋል።

ሆኖም ጠባዩ በጎረቤቱ ይለወጣል። በፓሪስ የጎብለን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ለነበረው ለኬሚስትሪው ሊቅ ለሼቭረል፥ ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ቢመረምር ጥፋቱ የማቅለሚያው ሳይሆን በአጠገቡ የተሸመኑት ክሮች ሆኖ ተገኘ፤ ይህንንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1839 በመጽሐፍ አወጣው። ስለዚህ ያው ግራጫ በቀዩ ዓለት ላይ ወደ አረንጓዴ፥ ከዛፉ አጠገብ ወደ ቀይ ያደላ ይመስልሃል። ከመቀባትህ በፊት በቦታው ጥቂት ነካ አድርገህ ፈትነው።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ግን ቀለማቸውን በጥቁር መስመር እያጠሩ፥ ብዙ ግራጫ ሳይሹ አስማምተውታል። ይህን ጉድለት የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል፤ ጥላና ርቀት የዚያ ሥዕል ጉዳይ አይደሉም።

አንተ ግን ግራጫውን አንድ ጊዜ አብዝተህ በጥብጥ፤ ኋላ ያንኑ መልሰህ ማግኘት ያስቸግራል። ንጹሑን ቀይ ደግሞ ቆጥበህ፥ በጣሪያው ላይ ከተቀረጹት መስቀሎች ፀሐይ ለመታችው ጠርዝ ብቻ አስቀርው።