አስተያየት ሌላ፣ ሐቅ ሌላ

በመኝታ ቤትም ሆነ በመመገቢያ አዳራሽ የፖለቲካ ክርክር ሲጋጋል ብዙውን ጊዜ መዝጊያው «በቃ፣ የኔ አስተያየት ነው፤ አክብርልኝ» የሚል ነው። አባባሉ ጨዋ ነው። ግን ሁልጊዜ በቦታው ይውላል ወይ? ይህን ለመመርመር ሁላችንም ነገ ክፍል ገብተን የምናስተምረውን የውጫሌን ውል እንውሰድ።

ውሉ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በአንቶኔሊ መካከል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈረመ። በአማርኛው ቅጂ አንቀጽ 17 ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ሲፈልጉ ይጠቀሙበታል፣ ካልፈለጉም ይተዉታል ማለት ነው። የኢጣልያንኛው ግን በኢጣልያ በኩል ለመነጋገር ተስማምተዋል ይላል። ኢጣልያ ይህን ይዛ በ1882 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክም በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በደም ተለየ።

እንግዲህ ከዚሁ ታሪክ ሦስት ዓይነት ጥያቄ ይወጣል።

አንደኛ፣ ሁለቱ ቅጂዎች ይለያያሉ ወይ? ይህ የሐቅ ጥያቄ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ነው እንጂ እጅ በማውጣት አይወሰንም። «በኔ አስተያየት አይለያዩም» የሚል ሰው አስተያየት አልሰጠም፤ ተሳስቷል።

ሁለተኛ፣ አንቶኔሊ ሆን ብሎ አታለለ ወይ? የሰው ልብ እንደ ወረቀት ተዘርግቶ ስለማይነበብ እዚህ ላይ ማስረጃ ማመዛዘን ግድ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ስቬን ሩበንሰንና ካርሎ ጂሊዮ የተባሉ የታሪክ ሊቃውንት በዚሁ ጉዳይ በጽሑፍ ተከራክረዋል። ሩበንሰን ተንኮል ነበረበት ሲሉ ጂሊዮ አልተቀበሉትም። የተከራከሩት ግን ሰነድ ይዘው ነው።

ሦስተኛ፣ ምኒልክ ያንን ውል መፈረም ነበረባቸው ወይ? ውሉ አሥመራን ጨምሮ በሰሜን ያለውን መሬት ለኢጣልያ የለቀቀ ነበር። አንዱ ስለ መሬቱ ይቆጫል፤ ሌላው ስለ ተገኘው ጊዜና ስለ መሣሪያው ያስባል። ይህ የሚዛን ጉዳይ ስለሆነ ሁለት አስተዋይ ሰዎች አንድ ዓይነት ሐቅ ይዘው ሊለያዩ ይችላሉ። «አክብርልኝ» የሚባለው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

ሦስቱን የሚያደባልቅ መምህር በሁለት በኩል ይጎዳል። ሐቁን እንደ አስተያየት ከቆጠረ ተማሪው ማንበብና ማጣራት ከንቱ ድካም ይመስለዋል። የራሱን አስተያየት እንደ ሐቅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከጻፈ ደግሞ ተማሪው በልቡ ሌላ እያሰበ በፈተና ወረቀት ላይ መምህሩ የሚወደውን መጻፍ ይለምዳል። ከሁለቱም የሚወጣው ዜጋ ወሬ የነዳው ሁሉ ይነዳዋል።

የተሳሳተውም ቢሆን ሰው ነውና ክብሩ አይነካ። በጩኸት ሳይሆን ሰነዱን አውጥቶ «እስቲ አብረን እናንብበው» ማለት ይበቃል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የተባለውም ለዚሁ ነው። እንግዲህ ውድ እጩ መምህራን፣ በሚቀጥለው ክርክር ድምፅ ከፍ ከማለቱ በፊት አንድ ነገር እንጠያየቅ፦ የተለያየነው በሆነው ነገር ላይ ነው ወይስ መሆን በሚገባው ላይ?