ማንም የማይጠይቀው ሌሊት

የካንሰር ሕክምና በአገራችን የቀን ሥራ ነው። ካርድ የሚወጣው በጠዋት ነው፤ ደም የሚመረመረውም በጠዋት፤ ኬሞቴራፒ (ኬሞ) የሚሰጠውና የጨረር ወረፋ የሚጠራውም ፀሐይ ሳለ ነው። ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቃሊቲ የሚነሳ ታማሚ ለዚህ ቀን ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። በታክሲ ወይም መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ወደ መሀል ከተማ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይሄዳል። ሲመሽ ደክሞ ይመለሳል። እንዲህ የዋለ ሰው ጎኑን ሲያሳርፍ እንቅልፍ ይዞት መሄድ ነበረበት። ብዙዎቹን ግን አይወስዳቸውም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ በደብረ ዘይት መንገድ የሚያልፉ የጭነት መኪናዎች ብቻ ሲሰሙ እነሱ ሲገላበጡ ያድራሉ።

ይህ ሌሊት በካርዱ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ሐኪሙ ከበር ውጭ የሚጠብቁትን ታማሚዎች እያሰበ ስለ እብጠቱ፣ ስለ ደም ውጤቱ፣ ስለ ማቅለሽለሹ ይጠይቃል። ታማሚውም «ካንሰር ይዞኝ ስለ እንቅልፍ ላውራ?» ብሎ ዝም ይላል። ከሁለት ወገን የተደራረበው ዝምታ ሊታከም የሚችልን ሥቃይ ሳይታከም ያሳድረዋል። በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከካንሰር ታማሚዎች ቢያንስ አንድ ሦስተኛው በእንቅልፍ ማጣት ይቸገራል። በሕክምናው ወራት ቁጥሩ ከዚያም ይበልጣል። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ችግሩ ለዓመታት የሚቆይባቸውም አሉ።

የጉዳዩን ስፋት ለማየት የአገሪቱን ቁጥር ማንሳት ይበቃል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ከ77 ሺህ በላይ ሰዎች አዲስ ካንሰር ይገኝባቸዋል፤ ከ51 ሺህ በላይ ደግሞ ይሞታሉ። በሴቶች ዘንድ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ይበዛሉ። ይህን ሁሉ ሕዝብ ይዘን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል የነበረን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጥቁር አንበሳ። እንደ ዶክተር ቦጋለ ሰለሞን ያሉ በጣት የሚቆጠሩ ሐኪሞች የአንድ አገር ሸክም ተሸክመው ሠርተዋል። ለጨረር ተመዝግቦ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ መጠበቅ የተለመደ ነበር። በቅርብ ዓመታት ዘመናዊ መሣሪያ ገብቷል፤ ሕክምናው ወደ ክልልም መውጣት ጀምሯል። ወረፋው ግን ከሰው አእምሮ አልወጣም።

ወረፋን ከሌሊት ለይቶ ማየት አይቻልም። «ስልክ እንደውልልሃለን» የተባለ ሰው ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛል። እየጠበቀ ሳለ እብጠቱ እያደገ እንደሆነ በእጁ ይዳብሳል፤ በቀን የማይዳብሰውን በሌሊት ይዳብሰዋል። የጨረሩ ተራ ሲደርስ ደግሞ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለተከታታይ ሳምንታት ነው። ከክልል ለሚመጡ ታማሚዎች እንደ ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ድርጅቶች ማረፊያ ይሰጣሉ። ይህን ድርጅት አቶ ወንዱ በቀለ በደም ካንሰር ባጡት ሕፃን ልጃቸው ስም በ1996 ዓ.ም. መሠረቱት። የቃሊቲ ሰው ግን የአዲስ አበባ ነዋሪ ነው፤ ቤት አለው ይባላል። ቤት አለው፤ ከቤቱ እስከ ማሽኑ ያለው መንገድ ግን በየቀኑ ከእንቅልፉ ላይ ይቆረጣል።

ከእንቅልፍ አጥፊዎቹ ሁሉ የከፋው ሕመሙ ራሱ ነው። በቀን ሰው ይመጣል፣ ጨዋታ አለ፣ ልጅ ያለቅሳል፤ ሕመሙ ተካፋይ ያገኛል። ማታ ብቻውን ይቀራል። ማስታገሻ «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ» ተብሎ ሲታዘዝ ትልቁ ክፍተት የሚፈጠረውም በሌሊት ነው። በአፍ የሚወሰድ ፈሳሽ ሞርፊን የሚሠራው ለአራት ሰዓት ያህል ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት የወሰደ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ መንቃቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መድኃኒቱ አልቆ ነው። በማስታገሻ ሕክምና የሠለጠኑ ባለሙያዎች ይህን ስለሚያውቁ የመኝታውን መጠን ከሌላው ጊዜ ከፍ አድርገው የሚያዙበት አሠራር አላቸው፤ ታማሚው እስከ ንጋት እንዲደርስ። መጠኑን የሚወስነው ግን ሐኪም ብቻ ነው።

ሞርፊን ሲነሳ ቤተሰብ ይደነግጣል። ሱስ ያስይዛል፣ ሞትን ያፋጥናል፣ «የመጨረሻው መድኃኒት ነው» ይባላል። በካንሰር ሕመም ላይ በሐኪም ትእዛዝ በትክክል የተሰጠ ሞርፊን የሰውን ዕድሜ አያሳጥርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ለብርቱ የካንሰር ሕመም የሚመክረው እሱን ነው። ትልቁ ችግር መድኃኒቱ ያለመድረሱ ነው። የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ በዓለም በዓመት ከተሠራጨው ወደ 300 ቶን የሚጠጋ የዚህ ዓይነት መድኃኒት ውስጥ ወደ ድሃ አገሮች የሄደው 0.1 ቶን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የሚነቃው ሰው ነው። በአገራችን ሲስተር ጽጌሬዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶችን ወደ ታማሚው ቤት እየላከ ሕመምን ማስታገስ እንደሚቻል በተግባር አሳይቷል። እንዲህ ያለ አገልግሎት በየክፍለ ከተማው መኖር ነበረበት።

ከሕመም ቀጥሎ እንቅልፍ የሚነሳው፣ ማንም የማይጠረጥረው የካንሰሩ ሕክምና መድኃኒት ራሱ ነው። ከኬሞ ጋር ማቅለሽለሽንና አለርጂን ለመከላከል ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ይሰጣል። ይህ መድኃኒት አእምሮን ያነቃል፣ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ውጤቱም ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። ከኬሞ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሌሊቶች «እንደ ቀን ነቅቼ አደርኩ» የሚል ሰው ሰውነቱ አልከዳውም። በቤት የሚወሰደው ኪኒን ወደ ጠዋት መዛወር ይችል እንደሆነ መጠየቅ ብቻ ብዙ ሌሊት ያተርፋል። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ወይም ሰዓቱን መለወጥ ግን አደጋ አለው፤ አንዳንዱ መጠን ሆን ተብሎ ከኬሞው በፊት ባለው ሌሊት የሚሰጥ ነውና። በጡት ካንሰር ታሞክሲፌን የሚወስዱ ሴቶችም በሌሊት ድንገተኛ ሙቀትና ላብ ያስነሳቸዋል። አፍረው ለሐኪም የማይናገሩት ይህ ነገር የታወቀ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው።

አሁን ከሆስፒታሉ ወጥተን ወደ ቤት እንግባ፤ ለእኔ የነገሩ ክብደት ያለው እዚህ ነው። በእኛ ዘንድ ውጤቱ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነገረው ለቤተሰብ ነው። ልጅ ወይም ወንድም ሐኪሙን ለብቻው ጠርቶ «እባክዎ እንዳይነግሯት፣ ትደነግጣለች» ይላል። ከፍቅር የመጣ ነው፤ አልወቅሰውም። ታማሚዋ ግን ጥቁር አንበሳ የሄደችበትን ክፍል ታውቃለች፤ በወረፋው የተቀመጡትን የራስ ጠጉራቸው የረገፈ ሴቶች አይታለች፤ ቤት ስትገባ የሚቋረጠውን ወሬ ሰምታለች። ቀን ቀን የማታውቅ መስላ ትውላለች። ማታ ግን የተደበቀውን ነገር ብቻዋን ስትፈታ ታድራለች፤ ከጎኗ የተኛው ባሏም ነቅቶ የተኛ ይመስላል። ሁለት ሰው በአንድ አልጋ ላይ እርስ በርስ እየተጠባበቁ ሲያነጉ ማየት ምን ያህል ያሳዝናል። እውነቱ በለዘበ ቃል፣ በሚታመን ሰው፣ በተገቢው ጊዜ ቢነገር እንቅልፍ የሚመለስባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። የሕክምና ባለሙያዎች ይህን እንዲያግዙ መጠየቅ የቤተሰብ መብት ነው።

የጥየቃው ልማዳችንም አለ። ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ የፋብሪካ ባልደረባው ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። ቡና ይፈላል፤ ከአቦል እስከ በረካ ይወረዳል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቀኑ 10 ሰዓት የተጠጣው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና እየሠራ ነው ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ጨዋታው ነው፤ «የእገሌም ሚስት እንዲሁ ጀምሯት...» የሚል ወሬ ጠያቂው ሲሄድ ከታማሚው ጋር ያድራል። ጠያቂ በጊዜ ቢመጣ፣ በጊዜ ቢሄድ፣ የሞተ ሰው ታሪክ ባያወራ ትልቅ መድኃኒት ነው። ይህን ለጠያቂ መንገር ያለበት አስታማሚው ነው እንጂ ታማሚው አይደለም።

መድኃኒት የሌለበት ሕክምናም አለ። በካናዳ ኩቤክ የላቫል ዩኒቨርሲቲዋ ጆዜ ሳቫርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት የጡት ካንሰር ያለፋቸው ሴቶች በሥነ ልቡናና በባሕርይ ሕክምና እንቅልፋቸው እንደተሻሻለ አሳይተዋል። መሠረቱ ቀላል ነው። ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት፤ ቀን ማሸለብ ካስፈለገ ከ9 ሰዓት በፊት፣ ለአጭር ጊዜ ማድረግ፤ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ መተኛት፤ እንቅልፍ እምቢ ካለ ከአልጋ ወርዶ ሌላ ቦታ መቆየትና ሲያንቀላፋ መመለስ። የመጨረሻው ምክር የተጻፈው ግን ብዙ ክፍል ላለው ቤት ነው። ቃሊቲ ውስጥ አባት፣ እናትና ልጆች በአንድ ክፍል ለሚያድሩበት ቤተሰብ «ወደ ሌላ ክፍል ሂድ» ማለት ምን ይጠቅማል? ምክሩ ወደ እኛ ቤት መምጣት አለበት። ከአልጋው ርቆ የተቀመጠ በርጩማ፣ ጋቢ፣ መብራቱ የደበዘዘ ጥግ ይበቃል። ቁም ነገሩ አልጋ የጭንቀት መዋያ እንዳይሆን ነው። አቅሙ የደከመ ሰው ግን ለመነሳት መታገል የለበትም፤ እሱ ባለበት ይረፍ።

ብዙዎች ለዚህ ጥግ ከራሳቸው እምነት የወጣ ሥርዓት አላቸው። ዳዊት የሚደግሙ አሉ፤ ሰዓታት ከሚቆምበት ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ጋር አብረው የሚጸልዩ አሉ፤ ውዱ አድርገው የሌሊት ሶላት የሚሰግዱ አሉ። ጸሎት የሌሊቱን ባዶ ሰዓት ቅርጽ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ሐኪም ሊያከብረው ይገባል። ታማሚውም ጸሎቱን የማስታገሻው ምትክ ሊያደርገው አይገባም። ሁለቱ አይጣሉም።

አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ መናገር አለብኝ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ዲያዜፓም ገዝቶ ሲውጥ ይታያል። ሞርፊን ወይም ትራማዶል ከሚወስድ ሰው ጋር ይህ ኪኒን ሲደረብ ትንፋሽን ያዳክማል፤ ሊገድልም ይችላል። አረቄም እንደዚሁ ነው። ዳማከሴም ሆነ ሌላ ባህላዊ መድኃኒት ቢወሰድ ለሐኪሙ ይነገር፤ የሚቆጣ ሐኪም ካለ ጥፋቱ የሐኪሙ ነው።

ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያዎች አሉት። በቻይና መንግሥት ድጋፍ የተሠራው፣ ስሙን ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሎምፒክ ካገኘችው ድርብ ወርቅ የወሰደው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም እዚሁ ነው። በየቤቱ የሚዞሩ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም አሉ፤ ብዙዎቹ ነርሶች ናቸው። ጥቁር አንበሳ ኬሞውን ይስጥ፤ ሌሊቱን ግን ሰፈሩ ሊያክመው ይችላል። የማስታገሻ ማዘዣ እንዲታደስ፣ ሞርፊን በአቅራቢያ እንዲገኝ፣ የከፋ ድብርት በጊዜ እንዲታወቅ ታማሚ በየጊዜው መሀል ከተማ ድረስ መንገላታት የለበትም። የጤና ሚኒስቴርና የከተማው ጤና ቢሮ ይህን ወደ ሰፈር ማውረድ ግዴታቸው ነው፤ እስካሁንም ዘግይተዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ታማሚ ከሆኑ ወይም ታማሚ የሚያስታምሙ ከሆነ የሚቀጥለው ቀጠሮ እስኪደርስ አንድ ሳምንት ይመዝግቡ፦ ስንት ሰዓት ተኙ፣ ስንት ሰዓት ነቁ፣ ሲነቁ ሕመም ነበር ወይስ ሐሳብ፣ ማስታገሻውን በስንት ሰዓት ወሰዱ። ወረቀቱን ከካርዱ ጋር ይዘው ይግቡና ሐኪሙ ባይጠይቅም እርስዎ «ሌሊት አልተኛም» ይበሉ።