የማይጠጣው ጥቁር አረቄ

ወረቀቱ ነጭ ነው፤ ከፋብሪካው ጓዳ የሚወጣው ፈሳሽ ግን እንደ ሬንጅ የጠቆረ። ባለሙያዎቹ «ብላክ ሊከር» ይሉታል። በጥሬው ቢተረጎም ጥቁር አረቄ ይሆናል፤ ደግነቱ ሽታው አያስቀምስም።

ነገሩ የሚጀምረው ከድስቱ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ካርል ዳል በ1879 እ.ኤ.አ. ዳንዚግ ውስጥ በፈለሰፈው ዘዴ፣ የተከታተፈ እንጨት በኮስቲክ ሶዳና በሶዲየም ሰልፋይድ 170 ዲግሪ አካባቢ ይቀቀላል። ቃጫው ወረቀት ሊሆን ይቀራል፤ ቃጫውን እንደ ሙጫ አጣብቆ የያዘው ሊግኒን ይሟሟል። የእንጨቱ ግማሽ ያህል ወደዚህ ጥቁር ፈሳሽ ይገባል ማለት ነው፤ ይህን ሁሉ ማገዶ ወንዝ ውስጥ መድፋት ሞኝነት ነው።

የፈሳሹ ደረቅ ክፍል ሲነድ በኪሎ ከ12 እስከ 15 ሜጋጁል ሙቀት ይሰጣል። ከደረቅ እንጨት የሚያንሰው ሲሶው ወይም ከዚያ የሚበልጠው የማይነድ ኬሚካል ስለሆነ ነው። ዋናው ጣጣ ግን ውሃው ነው፤ ፈሳሹ ከማብሰያው ሲወጣ 85 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ስለዚህ ተራ በተራ በተደረደሩ ማትነኛዎች ያልፋል፤ የአንዱ እንፋሎት ቀጣዩን ያፈላል። በወፈረ ቁጥር ጠባዩ ይለወጣል። ለማሞቅ የሚፈልገው ጉልበት ይቀንሳል፣ የሚፈላበት ሙቀት ግን ከውሃ ከ15 ዲግሪ በላይ ይርቃል። ከቀዘቀዘ ደግሞ ብርድ እንደመታው ማር ይረጋል፤ ቧንቧውን ይዘጋል። እንዲፈስ ከ100 ዲግሪ በላይ እንደጋለ ይያዛል፤ ከዚያ ወደ ምድጃው በጠብታ ይረጫል።

ምድጃውን በ1930ዎቹ ካናዳ ውስጥ መልክ ያስያዘው ቶምሊንሰን የተባለ ፈልሳፊ ነው። ከላይ እንፋሎት ተርባይን ያዞራል፤ ከታች የቀለጠ ጨው ይጠራቀማል። ጨው የተባለው ያ የመቀቀያ ኬሚካል ነው፤ በውሃ ሟሙቶ፣ በኖራ ታክሞ ወደ ድስቱ ይመለሳል። በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የፊንላንዱ አኔኮስኪ ፋብሪካ በዚህ መንገድ ያለ ነዳጅ ዘይትና ያለ ከሰል ይሠራል፤ ኤሌክትሪክም ይተርፈዋል።

ያ ቀልጦ የተኛ ጨው ግን ውሃ ሲነካው ይፈነዳል። የአሜሪካ ባለሙያዎች መመሪያ ደረቅ ይዘቱ ከ58 በመቶ በታች የሆነውን ቀጭን ፈሳሽ ከምድጃው እንዲያርቁ የሚያዘው ለዚህ ነው። የቦይለር ቱቦ ወደ ምድጃው ሳያፈስ አልቀረም ተብሎ ሲጠረጠርም ደወሉ ይደወላል፤ ሠራተኛው አዳራሹን ለቆ ይወጣል።